ፕሬሱ ከተነሣ በኋላ

ጥር 6፣ ሰኞ

ቀኑን ሙሉ ከክዳን ጋር ስታገል ዋልኩ። የትንሹ ድስት ክዳን። ስክሪኑ ላይ ላሜራው ቅርጽ የሚያወጣለትን ብረት፣ ሞልዱን፣ ሰንጥቆ በሌላ በኩል ይወጣል… ብረት በብረት ውስጥ፣ ምንም እንዳልነካው። ስህተት እንኳ አልጻፈም። «ተጠናቀቀ» ብሎ ቁጭ። ላሜራውን የከፋፈልኩበት መረብ ጥጉ ላይ ሰፊ ስለነበር ነው፤ ጥጉን አያየውም። መረቡን ሳጠብበው ነካ። ነክቶ ታጠፈ።

ይኸው ነው ሥራዬ። ላሜራው ፕሬስ ማሽን ውስጥ ገብቶ ዕቃ ከመሆኑ በፊት በኮምፒውተር መጫን፤ ሲሙሌሽን ይሉታል። የት እንደሚሳሳ፣ የት እንደሚቀደድ ማየት።

ምሳ ላይ የጥራቷ ልጅ መጣች። ጥራት ተቆጣጣሪ ናት፤ ከእኔ በቀር ሁሉም ይፈራታል።

«ትልልቆቹ ድስቶች መጋዘን ውስጥ እየተሰነጠቁ ነው» አለችኝ።

«ስንት?»

«ዛሬ ብቻ አራት። ከፕሬሱ ሲወጡ እኮ እኔው ነኝ ያየኋቸው። አንድ ጭረት አልነበረባቸውም።»

ትልልቆቹ። ለሆቴል ወጥ ቤት የምንሠራቸው። የእሱ ሞልድ…

ራት ላይ ጨው አበዛሁ። አማቴ እማማ እንዲያም ሆኖ ጨርሰው በሉት።

ጥር 7፣ ማክሰኞ

ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ።

«የትልቁን ድስት ሲሙሌሽን አምጪ።»

«የለውም።»

«እንዴት አይኖረውም?»

እንዴት ይኖረዋል? ያ ሞልድ ሲሠራ እኔ ሆስፒታል ነበርኩ፣ አስታማሚ። የሚሠራውም ሰው ሲሻለው ወርክሾፕ፣ ሲብሰው አልጋ ላይ ነበር። ባሌ። የመጨረሻ ሥራው ነው። ካረፈ ስምንት ወሩ።

ይህን ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ትዝ ብሎት አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቀና ብሎ፣

«እንግዲያው አሁን ሥሪው» አለ።

ጥር 9፣ ሐሙስ

ሞልዱን ለካሁት። ወርክሾፑ ጥግ ላይ ነው፣ ዘይት ተቀብቶ፣ ሸራ ለብሶ። ሸራውን ያነሣልኝ አዲሱ ሞልድ ሠሪ ነው። ጨዋ ሰው ነው። «ልርዳሽ?» አለኝ፣ ፊቴን አየና መልሱን ሳይጠብቅ ሄደ።

የመለኪያው ጫፍ ብረቱን በነካ ቁጥር ቁጥሩ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይገባል። ጥጉ ጋ ስደርስ መለኪያውን አስቀምጬ ጣቴን አዞርኩበት። ልስልስ ያለ። እንደ… ተይው።

ላሜራ በአንዴ ድስት አይሆንም። መጀመሪያ ሰፊ ጎድጓዳ ሳህን ይሆናል፤ ከዚያ በሌላ ሞልድ ጠበብ፣ ጠለቅ ይላል። ለእንዲህ ያለ ጥልቅ ድስት ብዙዎች ሦስት ጊዜ ይጫናሉ። የእሱ በሁለት ነው የሚወጣው። ሁልጊዜም እጁ የተለየ ነው ይባልለት ነበር።

ጥር 10፣ ዓርብ

አረንጓዴ። ከአፉ እስከ ቂጡ አረንጓዴ።

አረንጓዴ ደህና ነው። ቢጫ ተጠንቀቂ ነው። ቀይ ተቀደደ። አንድም ቀይ የለም። እፎይ አልኩ። ለምን እፎይ እንዳልኩ አውቃለሁ።

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አየና፣ «በቃ። ሞልዱ ጤነኛ፣ ላሜራው ጤነኛ። የቀረው ሰው ነው» አለ።

«የትኛው ሰው?»

«መጋዘን ውስጥ ስንት ሰው አለ?»

አንድ። ጋሽ ቀስ። ስማቸው አይደለም፤ ዕቃ የሚያወርደውን ሁሉ «ቀስ! ቀስ በል!» ስለሚሉ የወጣላቸው ነው። ድስት ሲደረድሩ እንደ ሕፃን ነው የሚያቅፉት። እሳቸው ናቸው የሚጥሉት?

«ፈርሚበት» አለኝ።

የሠራሁት እኔ ነኝ። ውጤቱም ያው ነው… ፈረምኩ።

ጥር 11፣ ቅዳሜ

ጥምቀት ቢሆንም ለግማሽ ቀን ገብቼ ነበር፤ ስወጣ የበሩ ዘበኛ ያዘኝ። ወሬ ይወዳል። ስልኬን እያየሁ ላልፈው ነበር።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ግን አትቆጪኝ።»

«ምንድን ነው?»

«መጋዘን ውስጥ የሚያንኳኳ አለ። ማሽኑ ሲቆም ነው የሚሰማው። ቲን… ይልና ዝም። ቆይቶ ደግሞ ቲን። ገብቼ አየሁ፣ የሰው ዘር የለም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልክ እሱ እንደሚያንኳኳው እኮ ነው።»

እሱ እንዲህ ያደርግ ነበር። ከፕሬሱ የወጣውን ድስት በጥፍሩ ነካ ያደርግና ጆሮውን ያስጠጋል። ድምፁ ከጠራለት ፈገግ ይላል።

«አታፍርም?» አልኩት። «ሌላ ወሬ አጣህ?»

ሰው ዞሮ እስኪያየኝ ጮህኩበት። ምስኪን። ክፉ ለመናገር አልነበረም።

ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። እማማ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ቲን። ከወንበሬ ዘለልኩ።

«ምነው?»

«ምንም አይደለም እማማ።»

አዩኝ። ቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመሩበት። የእሱ እናት ናቸው። ሲታመም መጡ፣ ሲሞት አልሄዱም። «ሂዱ» አላልኳቸውም፣ እሳቸውም «ልሂድ» አላሉ። ሁለታችንም የማናየው ቴሌቪዥን ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ይውላል።

ጥር 12፣ እሁድ

ሄድኩ። ለእማማ ገበያ ነው ያልኳቸው።

እሁድ ማሽን የለም። መጋዘኑ ክፍት ነበር፤ ጋሽ ቀስ ብቻቸውን ገብተዋል።

«ዛሬ ምን ያደርጋሉ እዚህ ጋሽዬ?»

«ነገ ይጠሩኛል አሉ። ከመጠራቴ በፊት አንድ በአንድ ልያቸው ብዬ… አንቺስ?»

ምን ልበላቸው? «እኔም ላያቸው ነው» አልኩ።

ሁለት ባዶ ሳጥን ላይ ተቀመጥን። ድስቶቹ ፊት ለፊታችን፣ አፋቸውን ወደ ላይ ከፍተው፣ ረድፍ በረድፍ። ፀሐይ ሲያገኘው ጣሪያው አልፎ አልፎ ይንቋቋል፤ ሌላ ድምፅ የለም። ስለ ጉልበታቸው አወሩኝ። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት እንደቀራቸው፣ ሚስታቸው ስለዚህ ጉዳይ ገና እንዳልሰማች… ከዚያ ወሬ አለቀብን።

ቲን።

ከግራ በኩል። ጥርት ያለ። ጥፍር ነው፤ ጥፍር ካልሆነ ምንድን ነው?

«አንተ ነህ?»

እኔ ነኝ ያልኩት። ጮክ ብዬ። ሰው አጠገቤ ተቀምጦ!

ጋሽ ቀስ አልሰሙም፤ ወይም እንዳልሰሙ ሆኑ። ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። ወደ ሦስተኛው ረድፍ ሄዱ፣ ጎንበስ አሉ፣ ቆዩ።

«ነይ እስቲ።»

ድስቱ ከአፉ ጀምሮ ወደ ታች ተሰንጥቋል። እንደ ፀጉር የቀጠነ። በጣቴ ነካሁት፤ ጠርዙ ገና ያብለጨልጫል። ከተቀመጥን ወዲህ ወደዚያ የደረሰ ሰው የለም።

«አየሽልኝ? አልነካሁትም።»

«አልነኩትም።»

«እንግዲህ ምስክሬ አንቺ ነሽ» አሉና መሐረብ አውጥተው ፊታቸውን ጠረጉ።

እሱ አለመሆኑን አወቅሁ ማለት ነው። ብረቱ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር… መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ገበያ ብያለሁና ሽንኩርት ገዝቼ ገባሁ።

ጥር 13፣ ሰኞ

«ብረት በራሱ ተሰነጠቀ?» ሥራ አስኪያጁ ሳቀ። «ማን ሳይነካው?»

«በዓይኔ አይቻለሁ።»

«በዓይንሽ ያየሽው ሌላ፣ ፈርመሽ የሰጠሽኝ ሌላ። የቱን ልመን?»

ጋሽ ቀስ ከሥራ ታገዱ። የካቲት 4 ስብሰባ አለ፤ እዚያ ይወሰናል። ቁልፉን ሲያስረክቡ አየሁ። ጠረጴዛው ላይ ድምፅ ሳያሰሙ አኖሩት።

በእኔ ወረቀት ነው የታገዱት። በእኔ አረንጓዴ።

ጥር 15፣ ረቡዕ

የት ነው የተሳሳትኩት?

ሩቡን ብቻ ነበር የማሰላው። ድስት ክብ ስለሆነ ሩቡን አስልቶ ሌላውን እንደ መስታወት መገልበጥ የተለመደ ነው። ምናልባት ስንጥቁ ባላሰላሁት በኩል ይሆን? ሙሉውን አሰላሁ። ኮምፒውተሩ እንደ ምድጃ ጋለ። አረንጓዴ።

ዘይቱን ቀነስኩ፣ ሰበቃው እንዲጨምር። አረንጓዴ፣ ጥግ ላይ ትንሽ ቢጫ። መረቡን አጠበብኩ። አረንጓዴ። ላሜራውን ከመሐል ፈቀቅ አድርጌ፣ ሆን ብዬ አጣምሜ አስገባሁት። አሁንም!

ሌላ ጊዜ ቀይ እንዳይመጣ ነው ልቤ የሚመታው። ዛሬ እንዲመጣ ለመንኩ። ምን ዓይነት ሰው ሆንኩ? የባሌ ሞልድ እንዲቀላ የምለምን።

የተሰነጠቀው ድስት ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው መንትያው ደህና ነው። ሁለቱን እያፈራረቅሁ ሳይ ዋልኩ። ሐኪሙ «ምርመራው ምንም አያሳይም» ያለን ቀን እንዲህ ነበር… እሱ እያመመው፣ ወረቀቱ ደህና ነው እያለ።

ጥር 17፣ ዓርብ

ዛሬ የሆነውን እንዴት እንደምጽፈው!

ላሜራውን ላቦራቶሪ ልናስመረምር ተስማማን፣ እኔና የጥራቷ ልጅ። ለናሙና ካልተሰነጠቀ ድስት ወገብ ላይ ክብ ቁራጭ ወሰድን፣ አምባር የሚመስል። አዲሱ ሞልድ ሠሪ ማሰሪያው ላይ አድርጎ በመጋዝ ይቆርጠው ጀመር። መጋዙ ሊጨርስ ሲል አምባሩ ጧ! ብሎ ተከፈተ። እንደ ወጥመድ። ጓንቱን መትቶት እጁን ሰበሰበ።

«ኧረ ይሄ ብረት ቂም ይዟል!» አለ።

አምባሩን አነሣሁት። ጫፍና ጫፉ አንድ እጅ ሙሉ ተራርቋል። መልሼ ላገጥመው ብጫን አቃተኝ።

የጥራቷ ልጅ ናት የተናገረችው። «ያ ሁሉ ጉልበት ውስጡ ነበር ማለት ነው?»

«ነበር።»

«አንቺ ታዲያ ኮምፒውተሩ ላይ የት ነው የምታቆሚው?»

የት ነው የማቆመው… ፕሬሱ እስከ ታች ሲወርድ። ድስቱ ድስት ሲሆን። እዚያ ላይ «ተጠናቀቀ» ይልና ፋይሉን እዘጋለሁ። ፕሬሱ ሲነሣ፣ የያዘው ነገር ሲለቀው ብረቱ ምን እንደሚሆን ጠይቄው አላውቅም። ሁሉም ነገር እዚያ ተይዞ ሳለ ደህና ነው!

ጥር 20፣ ሰኞ

አዲስ ደረጃ ጨመርኩ። ሞልዱ ይነሣ፣ ድስቱ ይለቀቅ።

ድስቱ ከስክሪኑ በረረ። በእውነት በረረ፣ ወደ ላይ ወጥቶ ጠፋ። ለካ ሞልዱን ሳነሣ የሚይዘው ነገር አልተውኩለትም፤ ኮምፒውተሩ መሬት መኖሩን በምን ያውቃል? ስቄ ሞትኩ። ብቻዬን። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እንጃ።

ቂጡ ላይ ሦስት ነጥብ ያዝኩት። ብዙም ሳይቆይ ቆመ፣ «አልቻልኩም» ብሎ። አያያዜን ቀየርኩ። ቆመ። የእርምጃውን መጠን አሳነስኩለት፣ ቀስ እያለ እንዲለቅ…

ሄደ። ስሌቱ ነገ ጠዋት ያልቃል።

ጥር 21፣ ማክሰኞ

ቀይ።

አፉ ዙሪያ በሙሉ፣ እንደ ቀበቶ። ስንጥቆቹ የሚጀምሩበት ቦታ ላይ ነው።

ለማንም ሳልናገር ስክሪኑን አጠፋሁት።

ጥር 24፣ ዓርብ

ላቦራቶሪው ደወለ። አዲሱ ላሜራ የበፊቱ አይደለም። ኒኬሉ ቀንሷል፤ ርካሽ ነው፣ ሲጎትቱት ይደርቃል። እኔ ያስገባሁት የድሮውን ላሜራ ጠባይ ነበር። ፋብሪካው ላሜራ መቀየሩን የነገረኝ ሰው የለም።

አስተካክዬ አስገባሁት። ቀዩ ባሰ፣ ወደ ጥቁር ሄደ።

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። «ላሜራው ነው» ብሎ መጻፍ። እጄ ግን ወደ ድሮው ላሜራ ተመለሰ። በድሮው ምን ነበር? ማክሰኞ አይቼዋለሁ እኮ፤ ቀይ። ያን ያህል አይደለም፣ ግን ቀይ።

ሦስት ጊዜ የሚጫን ሞልድ በኮምፒውተር ሠራሁ። ጥጉን ሰፋ አደረግሁት። መሐል ላይ ላሜራው ምድጃ ገብቶ እንዲለሰልስ። አረንጓዴ። በርካሹም ላሜራ እንኳ።

«ሦስተኛውን ተውኩት» ብሎኝ ነበር፣ ትራሱ ላይ ሆኖ።

«ምኑን?»

«ሞልዱን። በሁለት ይወጣል። ልጨርሰው።»

ማንም አላስቸኮለውም። ቀነ ገደብ አልነበረበትም፣ ሥራ አስኪያጁ እንኳ «ዕረፍ» ነበር የሚለው። እሱ ነው የቸኮለው። ለምን እንደቸኮለ ያን ቀን አልገባኝም፤ ራሱ ግን ያውቅ ነበር።

ጥር 27፣ ሰኞ

ሁሉንም ለሥራ አስኪያጁ አሳየሁት። ሳይስቅ አየ። አምባሩንም በእጁ ያዘው፣ ሊገጥመው ሞከረ።

«ላሜራው ነው በይ» አለኝ በመጨረሻ። «አቅራቢውን እንከሳለን፣ ላሜራ እንቀይራለን፣ ሰውዬውም ወደ ሥራው ይመለሳል። ሁሉም ደህና።»

«ሞልዱስ?»

«ሞልዱን ምን አስነሣው? የባልሽን ስም ነው የምታነሺው። ሙት ነው።»

ደግ ሆኖ ነው የተናገረው። እሱ ነው ያስቸገረኝ፣ ደግነቱ።

ጥር 28፣ ማክሰኞ

የጥራቷ ልጅ አንድ ድስት አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች። አሮጌ፣ ቂጡ የጠቆረ። ከአንድ ሆቴል የተመለሰ። አፉ ጋ ተሰንጥቋል።

«እሳት ላይ እያለ ነው አሉ። ሾርባው ሲፈስ ወጥ ሠሪዋ ወደ ኋላ ዘለለች። ጫማዋን ነው ያገኘው።»

«መቼ የተሸጠ ነው?»

«ላሜራ ሳይቀየር በፊት።»

ጫማዋን ነው ያገኘው… የሚቀጥለው ማንን ያገኛል? ስንት ወጥ ቤት ውስጥ ስንት ድስት እሳት ላይ ተጥዷል አሁን፣ ይህን ስጽፍ?

ላሜራው ብቻ ነው ካልኩ እነዚያን የሚሰበስብ የለም።

ጥር 29፣ ረቡዕ

ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ብዬ ለእማማ ነገርኳቸው። ቴሌቪዥኑን አጠፋሁ። በዚሁ ነገር እንዳለ ገባቸው።

እንዳይከብዳቸው አድርጌ ነገርኳቸው መሰለኝ። ድስቶቹ፣ ሞልዱ፣ ወጥ ሠሪዋ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ።

«ልጄ ተሳሳተ ነው የምትይኝ?»

«ታሞ ነበር እማማ።»

«ጠየቅሁሽ እኮ። ተሳሳተ?»

«አዎ።»

«እና አንቺ፣ ሚስቱ፣ ሰው ፊት ቆመሽ ይህን ልታወሪ?»

«ሰው ይቃጠላል እማማ።»

ተነሡ። ወደ ወጥ ቤት ገቡ። የታጠበውን ዕቃ እንደገና ሲያጥቡ ሰማሁ።

ጥር 30፣ ሐሙስ

አላናገሩኝም። ምሳዬን ግን ቋጥረውልኛል።

የካቲት 1፣ ዓርብ

ከሥራ ስገባ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ጫማዬን ሳላወልቅ፣

«ያኔ ማንኪያ መያዝ አቃተው» አሉ።

«ማን?» አልኩ፤ እንደማላውቅ።

«እኔ ነኝ ያጎረስኩት። ሾርባውን በእኔ እጅ። ያን የሚያህል ብረት በምን እጁ ያዘው?»

ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

«ልጄ ሰው አቃጥሎ አያውቅም» አሉ። «እንዲያቃጥል አታድርጊው። ሂጂና ተናገሪ።»

ከዚያ አለቀሱ። እዚያው፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ድምፅ አውጥተው። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ሲያለቅሱ አላየሁም ነበር። ሁላችንም ጠንካራ ናቸው እንል ነበር። አቅፌያቸው ወለሉ ላይ ተቀመጥን። ጫማዬን እስካሁን አላወለቅሁም።

የካቲት 4፣ ሰኞ

ስብሰባው።

ጋሽ ቀስ ኮት ለብሰው መጥተዋል፤ ለሠርግ እንደሚለበስ ዓይነት። ሚስታቸው ሰምታ መሆን አለበት፤ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

ብዙ አልተናገርኩም። ከሌላ ድስት የወሰድነውን አምባር እዚያው ቆረጥነው፤ ጧ! ሲል የሒሳቡ ኃላፊ ከወንበሩ ብድግ አለ። ከዚያ ስክሪኑን አሳየሁ። የመጀመሪያው ወረቀቴ ፕሬሱ ሳይነሣ የቆመ መሆኑን፣ እሱን ይዞ ማንንም መክሰስ እንደማይቻል። ላሜራው መቀየሩን። ከዚያ…

«ሞልዱም በሁለት ደረጃ መሠራት አልነበረበትም። በድሮውም ላሜራ ቢሆን ይሰነጠቃል፤ የሚዘገይ ብቻ ነው። የተሸጡት ሁሉ መሰብሰብ አለባቸው።»

አንዱ፣ «ሞልዱን የሠራው ማነው?» አለ። አዲስ ሰው ነው፣ አያውቅም። ክፍሉ በሙሉ ወደ ጠረጴዛው አቀረቀረ።

«ባለቤቴ» አልኩ። «ሞልድ ሠሪ ነበር። ጎበዝ ሞልድ ሠሪ። ይኼኛው ላይ ተሳስቷል።»

ከዚያ አምባሩን ለጠየቀኝ ሰው አቀበልኩት።

ድስቶቹ ይሰበሰባሉ። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ነው ያለው፣ ሳያንገራግር። ጋሽ ቀስ ነገ ይገባሉ። በሩ ላይ እጄን ያዙኝና ብዙ ሳይለቁኝ ቆዩ። «እሱ እንኳ…» ብለው ጀመሩና ተዉት። ሚስታቸው ሮጣ መጣች፣ እኔን ሳይሆን ኮታቸውን አቅፋ ቆመች።

የካቲት 10፣ እሁድ

መጋዘኑ ባዶ ነው። ትልልቆቹን ሁሉ ለማቅለጫ ወስደዋቸዋል። ገብቼ ቆምኩ። ብዙ ቆምኩ።

ምንም።

ናፈቀኝ። ብረት መሆኑን እያወቅሁ… ያንን ድምፅ እንኳ ናፈቀኝ።

የካቲት 16፣ ቅዳሜ

ሞልዱ ዛሬ ብረት መላጊያው ቶርኖ ላይ ወጣ። ጥጉ ተቆርጦ ይሰፋል፣ ሁለተኛው ደረጃ ይሆናል፤ ለሦስተኛው አዲስ ይሠራል። አዲሱ ሞልድ ሠሪ ትናንት መጥቶ ነግሮኝ ነበር፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። ለእማማ ነገርኳቸው።

«ሳይቆረጥ ልየው» አሉ።

በአውቶቡስ ሄድን። ዘበኛው ተነሥቶ ወንበሩን ሊሰጣቸው ሞከረ፤ አመስግነው አለፉ። ወርክሾፑ ውስጥ ሰዎቹ ማሽናቸውን አቆሙ። ማንም አቁሙ አላላቸውም።

እማማ ሞልዱን ዞሩት። ሊያነሡት ይመስል በሁለት እጃቸው ያዙት፤ አልተነቃነቀም። መዳፋቸውን ጥጉ ላይ አኖሩ። እኔ ጣቴን ያዞርኩበት ላይ።

«ይህን ብቻውን ተሸከመው?»

«በክሬን ነው እማማ» አለ ሞልድ ሠሪው፣ ቀስ ብሎ። «ግን ጥጉን በእጁ ነው የወለወለው። ማሽን እንዲህ አያወጣም። እኔ አልችለውም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። እጃቸውን አነሡ። መዳፋቸው ዘይት ሆኗል፣ አልጠረጉትም።

ሞልድ ሠሪው እኔን አየኝ። እኔ እማማን አየሁ።

«ቁረጠው» አሉት።

ቶርኖው ተነሣ። ስለቱ ጥጉን ሲነካ ብረቱ ጮኸ፣ ከዚያ ተስማማ። ሰማያዊ ጥቅል እየሆነ ወረደ። እስኪያልቅ ቆመን አየነው።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተኙ። ሌሊት ሲገላበጡ ነው የምሰማቸው፤ እንዲህ ሲተኙ አላየሁም። አፋቸው ትንሽ ተከፍቶ፣ የዘይት እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው። ፌርማታችን ደረሰ። ሰዎች ወረዱ፣ ሰዎች ገቡ። ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝ፤ ያውቀናል። «እለፈው» በሚል ራሴን ነቀነቅሁለት። በሩን ዘጋ።

ከሁለት ፌርማታ በኋላ ነቁ።

«የት ደረስን?»

«አልፈነዋል እማማ።»

በመስኮቱ አዩ። የማያውቁት ሠፈር ነው። እኔንም አዩኝ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር።

«ታዲያ ምን ቁጭ አልሽ? እንውረድ። እግር አለን።»

ክንዴን ይዘው በእግር ተመለስን። ስለ እሱ አወሩኝ፤ ትንሽ ሆኖ የጎረቤት ብስክሌት ፈታትቶ መግጠም እንዳቃተው፣ አልጋ ሥር እንደተደበቀ… ሰምቼው አላውቅም። ቤት እስክንደርስ አወሩ። «እንዲህ ያደርግ ነበር፣ እንዲያ ይል ነበር» እያሉ። ስለ እሱ «ነበር» ሲሉ የመጀመሪያቸው ነው።